እጅዎን ይታጠባሉ?

በ2012 ዓ.ም. ክረምት ስልኬ በየሁለት ቀኑ ጢው ይል ነበር። ስከፍተው ያው ነው። “ጤና ይስጥልኝ፣ ለጥናት ስለሆነ እባክዎ ሦስት ደቂቃ ብቻ ይስጡን” ይላል። ከሥሩ ሰማያዊ መስመር አለ፤ እሱን መጫን ነው። ቤት ተቀምጦ የሚውል ሰው ሦስት ደቂቃ አይነፍግምና እጫናለሁ። ዕድሜ፣ ፆታ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የወር ገቢ (ይቺን ሁልጊዜ እዋሻለሁ)። ከዚያ ዋናው ይመጣል። ኮሮና በምን ይተላለፋል? ማስክ ያደርጋሉ? እጅዎን በውሃና በሳሙና ይታጠባሉ? መልሱ ሦስት ነው፤ ሁልጊዜ፣ አንዳንዴ፣ በጭራሽ።

በኛ ሰፈር ያኔ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ሌሊት ነበር የሚመጣው። “ውሃ ሲመጣ” የሚል መልስ ፈለግኩ፤ የለም። “ሁልጊዜ” ብል ውሸት ነው፤ “አንዳንዴ” ብል ደግሞ አመለካከቴ ችግር ያለበት ሰው ልሆን ነው። በመጀመሪያው መጠይቅ ላይ “አንዳንዴ” አልኩ። በሁለተኛው አፈርኩና “ሁልጊዜ” አልኩ። በሰባተኛው እጄ ራሱ ያውቀዋል፤ ሳላነብ “ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ፣ ሁልጊዜ” እያልኩ ወርጄ “ላክ” የምትለውን ተጫንኩ። እንግዲህ የኔ ነገር በሰባት ሳይንሳዊ ጥናት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። በአንዱ እጁን የማይታጠብ፣ በስድስቱ የሚታጠብ ሰው ሆኜ።

ከጠያቂዎቼ አንዱ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ክፍለ ሀገር አንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ለእንቁጣጣሽ ቤተሰቡን ሊጠይቅ መጥቶ እኔም ጋ ጎራ አለ፤ በሩቁ፣ በክርን ሰላምታ።

“እንዴት ነህ፣ ሥራ እንዴት ነው?” አልኩት።

“ተመስገን ነው ጋሼ። ትምህርት ዝግ ነው፤ ግን ሦስት ጽሑፍ አውጥቻለሁ።”

“ሦስት! ስለ ምን?”

“ስለ ኮሮና ነዋ! እውቀት፣ አመለካከትና ተግባር። አንዱ በተማሪዎች፣ አንዱ በአሽከርካሪዎች፣ አንዱ በገበያተኞች ላይ።”

“ምን አገኛችሁ?”

ትንሽ አሰበ። “እውቀቱ ደህና ነው፤ ተግባሩ ዝቅተኛ ነው።”

“በሦስቱም?”

“በሦስቱም” አለና ሳቀ። ልጁ ብልህ ነው፤ ለምን እንደሳቀ ያውቃል። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩ ውስጤ ቀረ። ጋዜጣውም ሬዲዮውም “የአፍሪካ የምርምር ውጤት በወረርሽኙ ጊዜ አደገ” ሲል በሰማሁ ቁጥር ያ ሳቅ ይመጣብኛል።

አድጓል፤ ማንም አይክድም። ይህ አህጉር ከዓለም ሕዝብ ከመቶ አሥራ ሰባት ያህሉን ይዞ ከዓለም የምርምር ጽሑፍ የሚያወጣው ከመቶ ሦስት ገደማ ብቻ ነው ሲባል ኖሯል። ኮሮና ሲመጣ ደቡብ አፍሪካና ግብፅ እንደወትሯቸው ከፊት ሆኑ፤ ናይጄሪያ ተከተለች፤ የኛዎቹም ዩኒቨርሲቲዎች ስም ከዚያ በፊት ባልታየበት መጠን ይታይ ጀመር። ጥሩ ነው። ግን እኔ መቁጠር የማልወደው ለዚህ ነው፤ ሲቆጠር የገበያተኛው መጠይቅም አንድ፣ ቫይረሱን ያገኘውም አንድ ነው።

መጠይቁ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም። የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2020 መጨረሻ፣ አገራቸው በተጨነቀችበት ሰሞን፣ በኢንተርኔት በትነው 6,910 ሰው ሞላላቸው። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ለጊዜው የሚያስፈልግ ነበር። ከዚያ በኋላ ያ መጠይቅ በየአገሩ እየተተረጎመ፣ እየተቀነሰና እየተጨመረበት ዓለምን ዞረ። የኛም ሰዎች ፈጣኖች ነበሩ። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነ በሳምንቱ ጅማ ላይ የሕክምና ማዕከሉን ጎብኚዎች፣ 247 ሰዎችን፣ መጠየቅ የጀመሩ ነበሩ። ይህን አደንቃለሁ። ወረርሽኝ ሲጀምር ሕዝብ ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጤና ቢሮው የሚያስተምረውን ከዚያ ይነሣል። የኔ ጠብ ከመጀመሪያው ጋር አይደለም። ከመቶኛው ጋር ነው። በዓመቱም፣ ሕዝቡ ሬሳ እየቀበረ ባለበት ጊዜ፣ “ኮሮና በምን ይተላለፋል?” እያለ ከመጣው ጋር ነው።

ደግሞ ማንን ነው የጠየቁት? እኔን። ስልክ ያለኝን፣ ዳታ የምሞላውን፣ ቴሌግራም የምከፍተውን። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ያህል አንድም መጠይቅ አልመጣልኝም። ሳይንሱም አብሮ ተዘጋ ማለት ነው። በኛ ሰፈር ድንች የምትሸጠው ሴት፣ በቀን ከመቶ ሰው ጋር ብር የምትቀባበለው፣ በየትኛውም ጥናት ውስጥ የለችም።

ልጁን አልፈርድበትም። ረዳት ፕሮፌሰር ለመባል የታተመ ጽሑፍ ይፈለግበታል፤ ላቦራቶሪ የለውም፤ ሪኤጀንት በዶላር ነው፤ ዶላር የለም። የአፍሪካ መንግሥታት ከአገር ውስጥ ምርታቸው ከመቶ አንዱን ለምርምር እናውላለን ብለው በየስብሰባው ከተስማሙ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ አብዛኞቹ ዛሬም አልደረሱበትም። ያለ ገንዘብ የሚሠራ ጥናት ምን ዓይነት ነው? ወረቀትና ብዕር የሚበቃው። ያቺንም ካገኘ በኋላ ጆርናሉ ክፈል ይለዋል። “ኔቸር” የተባለው ስመ ጥር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2020 ኅዳር ለሁሉም አንባቢ ክፍት ሆኖ ለሚወጣ ጽሑፍ 9,500 ዩሮ እንደሚያስከፍል አስታወቀ። የኛ ሌክቸረር ምሳና እራቱን ትቶ ዓመታት ቢቆጥብ የሚደርስበት አይደለም። ለድሃ አገር እንምራለን የሚሉ ጆርናሎች አሉ፤ እንዳሉ ሁሉ በሳምንት እናወጣልሃለን እያሉ ኪሱን የሚያራግፉም አሉ።

እስቲ አሁን ወደ ሌላኛው ወገን እንለፍ። እኛ እጃችንን ስንጠየቅ ሌላው ምን ይሠራ ነበር?

እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2020 “ላንሴት” ላይ አንድ ጥናት ወጣ። ከስድስት አህጉራት፣ ከ671 ሆስፒታሎች፣ 96,032 ታማሚዎች! ክሎሮኪንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተባሉት መድኃኒቶች ታማሚውን እንደሚጎዱ አሳየ ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀናት ውስጥ በመድኃኒቱ ላይ ያካሂድ የነበረውን ሙከራ ለጊዜው አቆመ። መረጃው ሰርጂስፊር ከሚባል አንድ ትንሽ የአሜሪካ ኩባንያ የመጣ ነበር። ከዚያ ከመቶ በላይ ሳይንቲስቶች ፈርመው ጥያቄ አነሡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ስለ እኛ ነው። በኩባንያው መረጃ መሠረት በአፍሪካ ከታመመው ሩብ የሚጠጋው፣ ከሞተው ደግሞ ከመቶ አርባው፣ ከዚህ ኩባንያ ጋር በተሣሠሩ፣ የበሽተኛውን የልብ ምት ሳይቀር በኮምፒውተር በሚመዘግቡ ሆስፒታሎች ውስጥ ነበር ማለት ነው።

እናንተዬ! የትኞቹ ሆስፒታሎች? ካርድ ክፍል ተሰልፋችሁ “ካርድዎ ጠፍቷል፣ አዲስ ይውጣልዎ” የተባላችሁ ሁሉ ፍረዱ። በአዲስ አበባም ሆነ በካምፓላ አንድ ተራ ነርስ አንድ አንቀጽ አንብባ “ይሄማ ውሸት ነው” ልትል ትችል ነበር። ማንም ግን ነርሷን አልጠየቃትም። ኩባንያው ሙሉ መረጃውን ለመርማሪዎች አላስረክብም አለ፤ ጽሑፉም በወጣ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጁን 4 ተነሣ። እኔን የሚያንገበግበኝ ውሸቱ አይደለም፤ ውሸታም በሁሉም አገር አለ። ያለ እኛ ስለ እኛ የተጻፈ ነገር እስከዚያ በር ድረስ ሳይንኳኳ መግባቱ ነው።

ይህ አንድ ቀን የተፈጠረ አደጋ ነው የሚል ካለ ቁጥሩን ይየው። ቁንጮ በሚባሉ አሥር የሕክምናና የጤና ጆርናሎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጀመሪያ ዘጠኝ ወራት ስለ ኮቪድ የወጡ ወደ 2,200 የሚጠጉ ጽሑፎችን መርምረው በ“ቢኤምጄ ግሎባል ኸልዝ” ያሳተሙ ሰዎች ነበሩ። አፍሪካን ወይም ከአገሮቿ አንዷን የሚነኩት ከመቶ አራት ያህሉ ብቻ ናቸው። ይሁን። ግን ከእነዚያ ስለ አፍሪካ ከተጻፉት ውስጥ ከጸሐፊዎቹ ሦስት እጅ ሁለቱ አፍሪካ ውስጥ ያሉ አይደሉም። ከአምስት ጽሑፍ በአንዱ ላይ ደግሞ አንድም አፍሪካዊ ስም የለም። ለቅሶ ቤት ሄዶ ከባለ ሐዘኑ ጋር ሳይነጋገር ስለ ሟቹ የሕይወት ታሪክ እንደማንበብ ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች በቴሌቪዥን ቀርበው የቢሲጂ ክትባት በኮሮና ላይ ይሠራ እንደሆነ “ማስክ በሌለበት፣ ሕክምና በሌለበት” በአፍሪካ ቢሞከርስ ብለው ሲጫወቱ ሰማን። ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የቅኝ ግዛት አስተሳሰብ ነው ብለው አወገዙ። ከሐኪሞቹም አንዱ ይቅርታ ጠየቀ፤ ነገሩ በዚሁ ተረሳ። እኛ ደግሞ በሌላ በኩል የማዳጋስካሩ ፕሬዚዳንት በጠርሙስ ያቀረቡትን የአርቲሚዥያ መጠጥ፣ ይሥራ አይሥራ ሳይፈተን፣ አፍሪካዊ ስለሆነ ብቻ ያጨበጨብንለት ጊዜ ነበር። ኩራትም መጠይቅ ያስፈልገዋል።

እውነተኛው ኩራት ሌላ ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የካቲት በመላው አህጉር ይህን ቫይረስ መመርመር የሚችሉት ላቦራቶሪዎች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ሴኔጋል፣ ሌላው ደቡብ አፍሪካ። የኛም የመጀመሪያ ናሙናዎች በአውሮፕላን ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የሄዱት። በወራት ውስጥ ሁሉም ማለት ይቻላል መመርመር ቻለ። ናይጄሪያ ውስጥ ኤዴ በምትባል ከተማ የፕሮፌሰር ክርስቲያን ሃፒ ቡድን በአገሩ የተገኘውን የመጀመሪያ ታማሚ ቫይረስ የዘረመል ቅደም ተከተል በቀናት ውስጥ አንብቦ ለዓለም ይፋ አደረገ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 “ሳይንስ” መጽሔት ላይ ከ33 የአፍሪካ አገሮች የተሰበሰቡ 8,746 ቅደም ተከተሎች በአንድ ጽሑፍ ቀረቡ፤ በዓመቱ ቁጥሩ መቶ ሺህ ደርሶ ነበር። የጸሐፊዎቹን ዝርዝር አይቼዋለሁ። መቶዎች ናቸው፤ የዳካር፣ የናይሮቢ፣ የአዲስ አበባ፣ የጋቦሮኔ ሰዎች። እንዲህ ያለውን ዝርዝር እንደ መልካም ዜና እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ።

ምን ተከፈላቸው? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የቦትስዋናና የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች በኋላ ኦሚክሮን የተባለውን ልውጥ ዝርያ አገኙ። ለዓለም ጤና ድርጅት በ24ኛው ቀን አሳወቁ፤ በ26ኛው ስም ወጣለት። በዚያው ሰሞን አውሮፓና አሜሪካ በራቸውን በደቡባዊ አፍሪካ ላይ ዘጉ። በኋላ ሆላንዶች የቆዩ ናሙናዎቻቸውን ሲያዩ ኅዳር 19 እና 23 ቀን የተወሰዱት ውስጥ ያው ቫይረስ ተገኘ። በራቸው ሳይዘጋ እቤታቸው ውስጥ ነበር ማለት ነው። ቱሊዮ ዲ ኦሊቬራና የቦትስዋናው ሲኩሊሌ ሞዮ በዓመቱ በ“ታይም” መጽሔት የመቶ ተፅዕኖ ፈጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ ገቡ። ፎቶው ደስ ይላል። የተሰረዘው በረራ ግን ለላቦራቶሪያቸው ሪኤጀንት የሚያመጣውም በረራ ነበር።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ የኔን ጥያቄ የጠየቀው የትኛው ነው? የኔ ጥያቄ ቀላል ናት። ስንት ሰው ሞተ?

ምክንያት አለኝ። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ጎረቤታችን የነበሩ፣ ልጅ ሆኜ ዳቦ ያጎረሱኝ እናት በአምስት ቀን ሕመም አረፉ። ሳል፣ ትኩሳት፣ ከዚያ ትንፋሽ። ኦክስጅን ፍለጋ ሦስት ቦታ ተዞረ። አልተመረመሩም። ልጆቻቸው “ሳንባ ምች ነው” አሉ፤ እኛም “ሳንባ ምች ነው” አልን፤ በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ሳንባ ምች ነበር። ማታ ማታ “ባለፉት 24 ሰዓታት” እየተባለ በሚነገረው ቁጥር ውስጥ እሳቸው የሉም። በአገራችን በኮቪድ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት እስከ መጨረሻው ከ7,500 ብዙም አልዘለሉም። ከዚህ ቁጥር ተነሥተው “አፍሪካ በምን ተረፈች?” የሚል ጽሑፍ የጻፉ ብዙ ናቸው። አየሩ ነው፣ ወጣትነቱ ነው፣ ወባው ነው፣ ፀሐዩ ነው። መትረፋችንን ማን አረጋገጠ የሚል ግን ጥቂት ነበር።

ከጥቂቶቹ አንዱ ሉሳካ ላይ ተሠራ። የዛምቢያና የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከጁን እስከ ሴፕቴምበር 2020 በዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል አስከሬን ክፍል ቆመው ከሟቾች አፍንጫ ናሙና ወሰዱ። ነገሩ ከባድ ነው፤ ሐዘንተኛ ቤተሰብ ፊት ቆሞ ፈቃድ መጠየቅ ነው። ከ364 ሟቾች 58ቱ፣ ከመቶ አሥራ ስድስቱ፣ ቫይረሱ ተገኘባቸው። አብዛኞቹ የሞቱት ቤታቸው ነው፤ በሕይወት ሳሉ የተመረመሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ይህን ሳነብ እኚያ እናት ትዝ አሉኝ። ሉሳካ ቢሞቱ ኖሮ ቢያንስ ሰው ይጠይቃቸው ነበር።

ኬንያዎች ደግሞ ደም ለጋሾችን አዩ። በዚያው ዓመት ከኤፕሪል እስከ ጁን ከለገሱ 3,098 ሰዎች ደም ተነሥተው አስልተው ከመቶ አራት በላይ የሚሆነው ሕዝብ ቫይረሱ እንዳገኘው ጻፉ፤ መንግሥት የሚያውቃቸው ታማሚዎች ያኔ ገና ጥቂት ሺህ ነበሩ። እኛም አገር ተሠርቷል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጅማና አዲስ አበባ ላይ የሆስፒታል ሠራተኞችን ደም በየጊዜው የመረመሩ ሐኪሞች፣ አዲስ አበባ ላይ በነሐሴ 2012 ከመቶ አሥራ አንድ ያህሉ ቫይረሱ እንደያዛቸው፣ በየካቲት 2013 ደግሞ ከግማሽ በላይ እንደሆኑ አሳዩ። በ“ላንሴት ግሎባል ኸልዝ” ወጣ። ከግማሽ በላይ! በጓንትና በማስክ የሚሠሩት እንዲህ ከሆኑ የድንች ሻጭዋን አስቡት። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአሥር የአፍሪካ አገሮች፣ በ64 ሆስፒታሎች የተሠራው ሌላው ጥናት ደግሞ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት የኮቪድ ታማሚዎች በሠላሳ ቀን ውስጥ ከመቶ አርባ ስምንቱ እንደሞቱ ቆጠረ፤ የዓለም አማካይ ሠላሳ አንድ ተኩል ነበር። ምክንያቱም የዘር ወይም የአየር ጉዳይ አይደለም፤ በአብዛኛው የማሽንና የሰው እጥረት ነው።

እነዚህን ጥናቶች ከመጠይቆቹ ጋር ሳስተያይ ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። የሉሳካው መነሻ ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ጥጥና ድፍረት ነው። ሌላው ቢቀር ይህን ጥያቄ መጠየቅ ለኛ አዲስ አይደለም። በኤድስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በከተማው መካነ መቃብሮች ሁሉ የሚቀበረውን ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታና አድራሻ በመቃብር ጸሐፊዎች በኩል ያስመዘግቡ ነበር። ቤተሰብ “ኤድስ” አይልም፤ “ሳንባ” ይላል፣ “አልማዝ ባለጭራ” ይላል። ተመራማሪዎቹ ያንን የሐፍረት ቋንቋ ሳይቀር መረጃ አደረጉት። ነፃው መድኃኒት ከመጣ በኋላ ሞት እንዴት እንደቀነሰ ያሳየው ይኸው የመቃብር መዝገብ ነው። ዓለም የጠቀሰው ሥራ ነው፤ እኛ የሠራነው።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሰሞን ለጎረቤቴ ልጅ ነገርኩት። አሁን ረዳት ፕሮፌሰር ሆኗል፤ ፀጉሩም ሸሽቷል። ስልኬም ፀጥ ካለች ቆየች፤ እጄን የሚጠይቀኝ የለም።

“ጋሼ፣ ያኔ ብንሠራው ኖሮ” አለኝ።

“የእድሩ መዝገብ አሁንም አለ እኮ” አልኩት።

አብረን ሄድን። የእድራችን ጸሐፊ ጡረተኛ ናቸው፤ መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለው ቁምሳጥን ውስጥ ነው የሚያኖሩት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩን።

“ለምንድነው? ክፍያ ያለበት ሰው አለ?”

“የለም” አልኩ። “የሞተውን ልንቆጥር ነው።”

ሰጡን። ዓምዶቹ በእጅ የተሰመሩ ናቸው፤ ስም፣ ቀን፣ ድንኳን፣ የተከፈለ ብር። የሞት ምክንያት የሚል የለም። ልጁ ገጾቹን በአውራ ጣቱ እየገለጠ ወረደ። በ2011 ዓ.ም. አንድ ገጽ ለብዙ ወር በቅቷል፤ በ2012 ዓ.ም. ያው ነው። ሚያዝያ 2013 ላይ ሲደርስ ቆመ። ገጹ ሞልቶ ጸሐፊው ከኅዳጉ ላይ ወደ ጎን ጽፈዋል፤ አልበቃ ሲል ጀርባው ላይ ቀጥለዋል። እኚያ እናት ከላይ አራተኛ ናቸው።

“ወረቀት አጥሮኝ ነበር” አሉ ጸሐፊው፣ ጥፋት እንደተገኘባቸው ሰው።

ልጁ ቦርሳውን ከፍቶ ብዕር አወጣ።